የልቦለዶቻችንን መጨረሻ በምላጭ ለቆረጡልን ርዕሰ መምህር

መርሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ገዛኸኝ
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና የንባብ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ መጨረሻ ስለሌላቸው አሥራ ሰባት መጻሕፍትና እስከ ቅዳሜ ብቻ መጠበቅ ስለምትችል አንዲት ተማሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ ይልቁንም ቀኝ እጅዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሰባት ልቦለድ በምላጭ የቆረጠ እጅ ትንሽ ቢያመው አይፈረድበትምና። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ስሜ ፍሬሰላም ይባላል፤ ከስምንተኛ «ሐ» ሰባ አራት ተማሪዎች መካከል በመስኮቱ በኩል አራተኛው ዴስክ ላይ ከኑሪያ ጋር የምቀመጠው እኔ ነኝ። በዚህ ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው ጥቅምት በሰልፍ ላይ «ይህቺ ልጅ ምላሷ ረጅም ነው» ብለው ለመላው ትምህርት ቤት ያስተዋወቁኝ ልጅ ነኝ። ከዚያን ዕለት ወዲህ በየኮሪደሩ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ስለበዛ ውለታዎን አልረሳሁም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ቢሮዎን ንቄ አይደለም። ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ ሦስቱም የት እንደገቡ ስላላወቅሁ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ትልቅ ሰው ያቦካውም ይኸው ዓመት ሙሉ ሳይጋገር ስለቆየ፣ የራበን ልጆች በራሳችን ብንሞክር ይቅር ይሉናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከጦርነቱ በኋላ ባዶ ለቀረው ቤተ መጻሕፍታችን በጎ ሰዎች አሥራ ሰባት የልጆች ልቦለድ ላኩልን፤ ዘጠኙ የጀብዱ፣ ስምንቱ የተማሪ ቤት ታሪክ ናቸው። አምና ወልድያ ላይ በተደረገው የንባብ ውድድር ትምህርት ቤታችንን የወከለው ደጀን ስለ መጽሐፉ መሐል ሲጠየቅ ዝም አለ፣ ስለ መጨረሻው ሲጠየቅ ግን እንደ ውኃ ወረደለት፤ ያነበበው የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነበርና። እርስዎም በእንግዶች ፊት አፈሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ደጀንን ትተው መጻሕፍቱን ያዙ። የእያንዳንዱን ልቦለድ የመጨረሻ ምዕራፍ በምላጭ ቆርጠው በፖስታ በፖስታ አሽገው በቢሮዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን የጨረሰ ተማሪ «የንባብ ማረጋገጫ ቅጽ» ይሞላል፣ ያገኘውን ቁም ነገር በሁለት ገጽ ይጽፋል፣ የክፍል ኃላፊና የወላጅ ፊርማ ያስደርጋል፤ ካለፈ እርስዎ ፊት ቆሞ መጨረሻውን ያነባል። እንዲህ ያለ አሠራር በሌላ አገር ስለመኖሩ አልሰማሁም፣ ስለዚህ በፈጠራ ሥራዎ መኩራት ይገባዎታል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ። የመጀመሪያው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ከዘጠኙ የጀብዱ ልቦለዶች ሰባቱን ምላጭዎ አንዳች አልጎዳቸውም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ገጽ ቢጀምሩላቸው ኖሮ ሁላችንም ባረፍን። በእነዚህ መጻሕፍት ሦስት ልጆች ካርታ ያገኛሉ። ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፦ አንዱ ደፋር፣ አንዱ ብልህ፣ ሦስተኛዋ ሴት። ደፋሩ ይደፍራል፣ ብልሁ ያስባል፣ ሴቷ ትጮኽና ስንቅ ትይዛለች። አራት ቀን ጫካ ውስጥ ሲያድሩ አንዲት እናት እንኳ «ልጄን አያችሁ?» ብላ ከቤት አትወጣም። እኔ ከባጃጅ ማቆሚያው ሩብ ሰዓት ብዘገይ እናቴ ወይዘሮ አልታየች ግማሹን መርሳ አስነሥታ ትፈልገኛለች፤ ስታገኘኝም በወንበዴ እጅ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር ያሰኛል። የመጽሐፉ ልጆች አይርባቸውም፣ ጫማቸው አይበጠስም፣ ሆዳቸውን አይቆርጣቸውም። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ጀግና በዋሻ ጨለማ ውስጥ፣ ጅብ ደጃፉ ላይ እየጮኸ፣ ስለ ሀገር ፍቅር ገጽ ተኩል ይናገራል። እኔ ጅቡን ብሆን ለማስቆም ስል እበላው ነበር።

ወንበዴው ደግሞ ሁልጊዜ ፊቱ ላይ ጠባሳ አለው። ደራሲዎቹ ክፉ ሰው በቅርብ አይተው አያውቁም መሰለኝ። እኔ የማውቀው ክፉ ሰው ፊቱ ለስላሳ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፣ ደረት ኪሱ ላይም ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል። ይህን ስጽፍ ማንንም አላሰብኩም፤ እርስዎም ኪስዎን አይመልከቱ።

ለፍትሕ ያህል አንዱን የጀብዱ መጽሐፍ ወድጄዋለሁ። ልጁ የአባቱን ሬዲዮ ወንዝ ውስጥ ይጥልና ተሰረቀብኝ ብሎ ይዋሻል፤ በውሸቱ ምክንያት ጎረቤታቸው ይታሰራል፣ ልጁም እውነቱን ለመናገር ጧት ጧት ተነሥቶ ማታ ማታ ሳይናገር ይተኛል። ካርታ የለ፣ ወርቅ የለ፣ ግን ልቤ እንዲያ የመታበት ሌላ መጽሐፍ የለም። ተናግሮ ይሁን ሳይናገር ቀርቶ ይሁን አላውቅም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ሁለተኛ። ስምንቱን የተማሪ ቤት ልቦለዶች በተመለከተ፣ እነዚህን ወደ ተረት መደርደሪያ እንዲያዛውሯቸው በትሕትና አሳስባለሁ። በእነርሱ ውስጥ አንድ ክፍል ሃያ ተማሪ አለው፣ መምህሩም የሁሉንም ስም ያውቃል። ዘንዶ ሲናገር ካነበብኩበት መጽሐፍ ይልቅ ለማመን የከበደኝ ይህ ነው። ጉልበተኛው ልጅ ሌላውን የሚመታው እናቱ ስለሞተችበት ነው፤ የኛው ክፍል ጉልበተኛ እናቱ ደህና ናት፣ ትናንትም ምሳ ቋጥራ ልካለታለች፣ ከዚያም የሰው ምሳ ቀማ። ድሃዋ ልጅ ሁልጊዜ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች። ድሃ ሆና አርባ ስድስተኛ ለወጣች ልጅ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ግን የለም። ኑሪያ አርባ ስድስተኛ ናት።

ከሁሉ የሚያስቀው የርዕሰ መምህሩ ነገር ነው። በስምንቱም መጻሕፍት ርዕሰ መምህሩ ቁጡና ደረቅ ሆኖ ይከርምና፣ በመጨረሻው ላይ ለካ ልጆቹን በስውር ሲረዳና ቢሮውን ዘግቶ ሲያለቅስላቸው የኖረ ደግ ሰው ሆኖ እንደሚገኝ ከአካሄዱ ያስታውቃል። እኛም በዚሁ ተስፋ እርስዎን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ስንጠብቅ አለን። የእርስዎ ደግነት በየትኛው ፖስታ ውስጥ እንደታሸገ ቢጠቁሙን ቅጹን እኔ እሞላለሁ።

ሦስተኛ። እስካሁን የተጫወትኩት ለዚህ ነው። ከዘጠኙ የጀብዱ መጻሕፍት የቀረው አንዱ ኑሪያ የያዘችው ነው። ኑሪያ እናቷ ግራና የሚኖሩ ሲሆኑ እርሷ መርሳ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር ልጅ ናት። የምታነበው በዝግታ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ነው፤ በሕይወቷ አንድም መጽሐፍ ጨርሳ አታውቅም ነበር። ይህን ግን በአምስት ሳምንት ጨረሰችው። የተቀረውን ማለቴ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቷ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ወሬው ሲጠፋባት፣ በአይሱዙ ላይ በሽንኩርት ጆንያ ሥር ተደብቃ ልትፈልገው ትወጣለች። ይህቺ ልጅ ይርባታል። ጫማዋ ይበጠሳል። በአንድ መናኸሪያ ዳቦ ትሰርቅና ዳቦው ጣፋጭ እንደነበር ሳታፍር ትናገራለች፤ ኑሪያ ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ልጅቷ በመጨረሻ በማታውቀው ከተማ አንድ ሰማያዊ የብረት በር ፊት ትደርሳለች። ታንኳኳለች። ከውስጥ ኮቴ ይሰማል፣ መቀርቀሪያው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የእርስዎ ምላጭ ነው።

በሩን ማን ከፈተላት? እኔና ኑሪያ በዚህ ነገር ተኳርፈን አንድ ሙሉ ቀን ሳንነጋገር ውለናል። እኔ የአባቷ ሌላ ሚስት ናት ብያለሁ። እርሷ አባቷ ነው ባይ ናት።

ኑሪያ ቅዳሜ ትሄዳለች። የት እንደምትሄድ አልጽፍም፤ በወረዳችን በሀብሩ ውስጥ ከስምንተኛ ክፍል ቅዳሜ ቀን ከደላላ ጋር ተነሥታ የምትሄድ ልጅ ወዴት እንደምትሄድ የማያውቅ ሰው ካለ፣ እሱ ለአካባቢው እንግዳ ነው። አትሂጂ ብያታለሁ። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ አልቅሻለሁም። የመለሰችልኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፦ «ወላሂ ፍሬ፣ መጀመሪያ በሩን ማን እንደከፈተላት ንገሪኝ፤ ከዚያ ወዲያ አትሂጂ በይኝ።» መጽሐፍ አንብቦ ከመንገድ የሚቀር ሰው የለም ይሉ ይሆናል። ምናልባት ልክ ነዎት። ግን ይህቺ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትኖር ለጥያቄዋ መልስ ይኖረዋል ብላ ያመነችው ነገር ይኸው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ መልሱም ከቢሮዎ ሌላ የትም የለም።

አራተኛ። ኑሪያ ቅጹን ሞልታለች። «ከመጽሐፉ ያገኘሽው ቁም ነገር» በሚለው ሥር የጻፈችውን እዚህ እገለብጣለሁ፦ «መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ከእርሷ ምን እንደተማርኩ መናገር አልችልም። ካወቅሁ በኋላ እጽፋለሁ።» በትምህርት ቤታችን ውስጥ በዚህ ዓመት ስለ መጽሐፍ ከተጻፈው ሁሉ ይህን የሚያክል እውነት አላነበብኩም፤ የራሴን ጨምሮ። እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ «ቁም ነገር የለውም» ብለው መለሱላት። ለኔና ለሌሎቹ ደግሞ «መልካም» ይሉናል፤ ምክንያቱም እኛ የፈለጉትን ስለምናውቅ ለሁሉም መጽሐፍ «ወላጅን መታዘዝ፣ ጠንክሮ መማርና ሀገርን መውደድ» ብለን እንጽፋለን። አንዴ ያላነበብኩትን መጽሐፍ እንዲህ ብዬ ጽፌ «በጣም መልካም» አግኝቻለሁ፤ መጨረሻውን ግን «ተራሽን ጠብቂ» እንደተባልኩ እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ኑሪያ ሳትሰለች እንደገና ጻፈች፤ ያን ሦስት ነገር እኔው ነኝ ያስጻፍኳት፣ እያለቀስኩ ሳይሆን እየሳቅኩ። የቀረው የወላጅ ፊርማ ነበር። እናቷ ሚያዝያ ላይ ለዚሁ ጉዳይ ብለው የገበያ ቀናቸውን ትተው ከግራና መጡ። ፊደል ስላልቆጠሩ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። እርስዎ ግን ቅጹን ዓይተው፣ ሴትየዋን ሳያዩ፣ «ቅጹ የሚለው ፊርማ ነው፤ አሻራ አይልም» ብለው መለሷቸው። የኑሪያ እናት እርስዎን አንቱ ብለው፣ ጌታዬ ብለው፣ አላህ ይስጥዎ ብለው ወጡ። ለምን እንደመረቁዎ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ብሆን ሌላ ነገር እል ነበር።

አምስተኛ። ወደ መጨረሻው ቅሬታ የመራኝ ኦቾሎኒ ነው። መናኸሪያው አጠገብ የሚሸጠው ሲራጅ ሁሉንም በወረቀት ጠቅልሎ እንደሚሰጥ ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ገዝቼ በልቼ ወረቀቱን ስዘረጋው፣ ሦስቱ ልጆች የዋሻውን ወርቅ በጭብጨባ ለሹማምንት ሲያስረክቡ አገኘኋቸው። መጨረሻው እንደጠረጠርኩት የማይጥም ነበር፤ ከጨው ጋር ግን ይሻላል። ሲራጅን ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው፣ ጥር ላይ ከትምህርት ቤታችን ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ጋር በጆንያ እንደገዛው ነገረኝ። ጥር ማለት ከወልድያ እንግዶች ሊጎበኙን ሲመጡ እርስዎ «ቢሮው ይጽዳ» ብለው ያዘዙበት ወር ነው። ቁም ሳጥኑንም ተከፍቶ አይቼዋለሁ፤ ማን እንዳሳየኝ አልናገርም። ሁለት ዋንጫ፣ አንድ ፔርሙዝና የእርስዎ ጃንጥላ አሉበት። ፖስታ የለበትም።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ይሳሳታል፤ ወረቀት ከወረቀት ጋር ተደባልቆ ቢሸጥ ወንጀል አይደለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነው። ፖስታዎቹ የሄዱት ጥር ላይ ነው፣ የኑሪያ እናት የመጡት ሚያዝያ ላይ ነው። እርስዎ ሴትየዋን በአውራ ጣታቸው ምክንያት ሲመልሱ ከጀርባዎ የነበረው ባዶ ቁም ሳጥን ነው። ቢፈርሙም የሚሰጧቸው ነገር አልነበረዎትም። ጠፋብን ማለት አንድ ቃል ነበር። ያንን አንድ ቃል ላለማለት ብለው አንዲት እናት ባለመማራቸው እንዲያፍሩ አደረጉ። ከአሥራ ሰባቱ መጻሕፍት በየትኛውም ውስጥ እንዲህ ያለ ክፉ ሰው አላገኘሁም፤ ደራሲዎቹ ቢሰሙ ተጋነነ ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሲራጅን ጆንያ ወረቀት በወረቀት አገላብጬዋለሁ፤ እርሱም ሳይቆጣ ፈቅዶልኛል። የኑሪያ መጽሐፍ የለበትም። ተበልቶበት ተጥሏል።

ስለዚህ ምዕራፉን አምጡ አልልም። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። መጽሐፉን የቆረጡት በገዛ እጅዎ ነው፤ የሚቆርጡትን ገጽ ሳያዩ መቁረጥ ደግሞ ያስቸግራል። ሲቆርጡ ዓይንዎ አንድ መስመር፣ አንድ ስም፣ «አባዬ» የሚል ወይም የማይል አንድ ቃል ይዞ እንደሆነ፣ እባክዎ እስከ ቅዳሜ ድረስ ኑሪያን ጠርተው ይንገሯት። ምንም ካላዩም እንዳላዩ ይንገሯት። ኮሚቴ መሰብሰብ አያስፈልግም፣ ማኅተምም አያሻም። በእረፍት ሰዓት ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ያገኟታል።

ውድ ጊዜዎን ወስደው እስከዚህ ካነበቡ፣ በእርስዎ ሕግ መሠረት ሁለት ገጽ ቁም ነገር መጻፍ ይጠበቅብዎታል፤ እኔ ግን መጨረሻውንም ያለ ቅጽ ስለሰጠሁዎ ተበልጠዋል።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከረጅም ምላስና ከማይቆረጥ ምስጋና ጋር፣

ፍሬሰላም
ስምንተኛ «ሐ»

ግልባጭ፦
ለንባብ ኮሚቴው አባላት (ካነበባችሁ)
ለደጀን (መሐሉንም እንድታነበው)
ለሲራጅ፣ ኦቾሎኒ ሻጭ፣ በአካባቢያችን ብቸኛው የመጨረሻ ምዕራፎች አከፋፋይ

ማስታወሻ፣ ግንቦት 11 ቀን፦ ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ጧት ለጥፌው ከሰልፍ በፊት ተነሥቷል። ስለዚህ እጅዎ ገብቷል፣ ለመመለስም ሁለት ቀን ነበረዎት። ኑሪያን ማንም አልጠራትም። አርብ ዕለት እኔው ፈጥሬ፣ በሩን የከፈተላት ሰው የለም፣ ልጅቷ ወደ አገሯ ተመለሰች ብዬ ነገርኳት። ፊቴን አይታ ሳቀች፣ «አታውቂበትም» አለችኝ፣ አቀፈችኝ፣ ቅዳሜ ጧት ሄደች። መጽሐፉንም ይዛው ሄዳለች። ዛሬ ሰኞ ደግሞ እርስዎ «መጽሐፍ ያልመለሱ ተማሪዎች» የሚል ማስታወቂያ አውጥተው የኑሪያን ስም አንደኛ ላይ ጽፈውታል፤ ካልመለሰች የስምንተኛ ክፍል ፈተና መግቢያ ካርድ እንደማይሰጣትም አስጠንቅቀዋል። በሕይወቷ ከክፍሉ አንደኛ የሆነችበት የመጀመሪያ ዝርዝር ነውና በስሟ አመሰግናለሁ። ብቻ እርሷ ማስታወቂያውን አላየችውም። እባክዎ ካለችበት ድረስ ወስደው ይለጥፉላት፤ ሲመለሱም በደህና ደርሳ እንደሆነ ይንገሩን።